ጥሪው የገባበት ሰዓት

ሰኞ 3

ከሥራ በኋላ ርዕሰ መምህርቷ ቤት ተሰበሰብን፤ ሰባት ሴቶች። እሳቸው ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አሁንም በንግግራቸው መሃል ሰው ሲያወራ ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ፣ እኛም እንደ ተማሪ ጸጥ እንላለን። ነገሩ አጭር ነው። የከተማው ምክር ቤት አሥራ ዘጠኝ ወንበር አለው። ሴት የተቀመጠችው አንዱ ላይ ብቻ ነው፤ እሷም ዘንድሮ በቃኝ ብላለች። ምርጫው ሰባት ሳምንት ቀርቶታል።

«ሰዉ ሴት አይመርጥም እያልን ስንት ዘመን አማነው። መቼ አቀረብንለትና ነው?» አሉ።

ሰፈር ለሰፈር ተከፋፈልን። ለእኔ የራሴው ደረሰኝ፤ ኮንትራክተሩ ሁለት ጊዜ ተመርጦ የተደላደለበት። «አንድ ሴት ይዘሽ ነይ» አሉኝ፣ ዳቦ ይዘሽ ነይ እንደማለት።

ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ሰው ማግባባት አያቅተኝም። ራሴን ካልሆነ በቀር።

ረቡዕ 5

በችኮላ። አምስት በር አንኳኩቼ አምስት እምቢታ።

ልብስ ሰፊዋ፦ «ባሌ ምን ይለኛል?» ባልየው አጠገቧ ተቀምጦ «እኔ ምንም አልልም» አለ። «እሱ እኮ ነው የሚያስፈራኝ» አለች።

ፋርማሲስቷ፦ ፎቶዬ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ጺም ይስሉበታል።

የሒሳብ አስተማሪዋ፦ እንደማላሸንፍ ስለምታውቁ ነው የምትጠይቁኝ።

አንዷ በር አልከፈተችም። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ግን ቀነሰ።

አምስተኛዋ ሻይ አፍልታ አስቀመጠችኝና «አንቺስ?» አለችኝ። ሁሉም መጨረሻ ላይ የሚሉት እሱኑ ነው። አንቺስ። እናቴን የማስታምም ሰው ነኝ እላለሁ። ማታ ለእማዬ ይህንን ስነግራት «እኔን ምን ሆነች አልሻቸው?» ብላ ተቆጣች። ከአንድ ጆሮዋና ከጉልበቷ በስተቀር ምንም አልሆነችም።

ቅዳሜ 8

አገኘሁ። አገኘሁ እንጂ።

እስከ ዛሬ ለምን ትዝ እንዳላለችኝ አላውቅም። ወይ ትዝ ብላኝ አልፌያት ይሆናል። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ናት። እኔ የአምቡላንስ ጣቢያ ስልክ ተቀባይ ነኝ፤ እሷ ከኮረብታው ላይ ትደውላለች፣ እኔ ከታች መኪና እልካለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ተዋወቅን። ከፊቷ በፊት ድምፅዋን ነው የለመድኩት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች፤ ልጅቷ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ናት።

ሌሊቱን ሦስት እናቶች አዋልዳ ጓንቷን ስታወልቅ ደረስኩ። ነገርኳት። ሳቀች።

«እኔ አደባባይ ወጥቼ ምን እላለሁ? የማውቀው ንግግር አንድ ነው፤ ትንሽ ነው የቀረሽ፣ በርቺ።»

«እሱን ነው የምትያቸው።»

ቧንቧውን ከፈተች። ትንሽ አጓራና ዝም አለ። ይህ ቧንቧ አምስት ዓመት እንዲህ ነው። ስንት ጊዜ ለምክር ቤቱ እንደጻፈች አውቃለሁ፤ ደብዳቤዎቹን ራሴ ነኝ የተየብኩላት። ኮንትራክተሩ ጠረጴዛ ላይ ደርሰው እዚያው ቀሩ። ከጀሪካን ውሃ ቀድታ እጇን ታጠበችና ፎጣውን መልሳ ሰቀለችው።

«አብረሽኝ ከሆንሽ» አለች። «መሃል ላይ ጥለሽኝ እንዳትሄጂ። ሌላው አያስፈራኝም።»

እናቴን አልኳት። እስክሞት ድረስ አልኳት።

እሑድ 9

ርዕሰ መምህርቷ ጉንጬን ሳሙኝ። በሕይወቴ ስመውኝ አያውቁም።

ማክሰኞ 11

ለምዝገባ አብሬያት ሄድኩ። እሷ ገባች፣ እኔ ውጭ ጠበቅኩ። «ነይ እንጂ አብረን» አለችኝ፤ ጃንጥላውን እይዛለሁ አልኩ። ዝናብ አልነበረም። ያን በር አልወደውም።

ሐሙስ 13

የመጀመሪያው ስብሰባ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ። ሰማንያ የሚሆን ሰው መጣ። ወረቀቷ ሲርገበገብ እስከ እኔ ድረስ ይታያል። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችና ኪሷ ከተተችው።

«እዚህ ከተቀመጣችሁት የስንቶቻችሁን ልጆች እንደተቀበልኩ እናንተ ታውቃላችሁ። ልጅ ሲወለድ የሚታጠብበት ውሃ ከጎረቤት ሱቅ በጠርሙስ እያስገዛሁ ነው። የምወዳደረው ለዚህ ነው። ሌላ ፖለቲካ አላውቅም።»

አንዱ ሽማግሌ «ይበቃል፣ እሱም ብዙ ነው» አሉ። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ኮንትራክተሩ ከኋላ መጥቶ እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር። ሲወጣ ትከሻዋን ነካ አድርጎ «በርቺ እህቴ» አላት። መኪናው ውስጥ ግን ሳይነሳ ብዙ ቆየ።

አብረን ተመለስን። ቤቷ በር ላይ ስንደርስ «ደስ ይላል እንዴ?» አለችኝ፣ እኔ የማውቀው ይመስል። «ሰው ሲሰማሽ እንዲህ ደስ ይላል እንዴ?»

እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። ቀናሁባት ልበል? ትንሽ።

ሰኞ 17

ሻይ ቤት። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች። «ያቺ ስታዋልድ ሕፃን የሞተባት አዋላጅ አይደለች እንዴ?» «ናት። መኪና ሳትጠራ ተቀምጣ ነው አሉ።»

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ማክሰኞ 18

እንዳይደባለቅብኝ ልጻፈው።

የዛሬ አራት ዓመት ነው፤ ያኔም የምርጫ ሰሞን ነበር። አንዲት ወጣት፣ የላውንደሪ ሠራተኛ፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ ይዟት ብቻዋን ጤና ጣቢያ ገባች። ደም ፈሰሳት። አዋላጇም ብቻዋን ነበረች። ወደ ሆስፒታል እንድትሄድ መኪና ጠራች። መኪናው ዘገየ። እናትየው ተረፈች፣ ልጇ ሆስፒታል እንደደረሰ ሞተ። አጣሪ መጣ፣ ሁለት ቀን ጠየቀ፣ «የመንገዱ ርቀት» ብሎ ጽፎ ሄደ። ፋይሉ ተዘጋ።

የተዘጋ ነገር ነው። ያን ሰሞን እማዬ አሟት ነበርና ከስልኩ አጠገብ ለጥቂት ደቂቃ ተነስቼ ነበር። ጥቂት ነው።

የሆስፒታሉ ሐኪም ራሱ ቀድማ ብትደርስም ልጁ ይተርፍ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም ብሏል። ይህን ብሏል።

ዓርብ 21

የሁለት መዝገብ ቅጂ ጎን ለጎን አድርገው በየኤሌክትሪክ ምሶሶው ለጥፈውታል። ኮንትራክተሩ ጤና ቢሮ ውስጥ ዘመድ አለው። የግራው የጤና ጣቢያው ነው፦ እናትየዋ የገባችበት ሰዓት፣ ከምሽቱ 12፡30። የቀኙ የአምቡላንስ ጣቢያው ነው፦ ጥሪው የገባበት ሰዓት፣ ከምሽቱ 2፡20። ከሥሩ በትልቁ፦ ይህን ሁሉ ሰዓት ምን ስትሠራ ነበር?

የቀኙ ጽሑፍ የእኔ ነው። ሁለትን ጭራዋን ረዘም አድርጌ ነው የምጽፋት፤ ሃያ ሜትር ርቄ ነው የለየኋት።

የደወለችው 12፡50 ላይ ነው። ደጋግማ ደውላለች። የሚያነሳ ሰው አልነበረም። 2፡20 የእኔ የመመለሻ ሰዓት ነው።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ደብተሩን ከፍራሼ ሥር አደረግሁት። ከዚያ አውጥቼ ቁም ሳጥን ውስጥ።

ቅዳሜ 22

ጣቢያው መጣች። ጃንጥላዋን በሩ ላይ አራገፈች፣ ከስልኩ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሻይ ቀዳሁላት።

«አይተሽዋል» አለች።

«አየሁት።»

«እኔ ስንት ሰዓት እንደደወልኩ አልረሳሁም። አንድ እጄ ደሟን ይዟል፣ በአንዱ እደውላለሁ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ፊት ለፊቴ ነበር።» ጠበቀችኝ። «አንቺስ ታስታውሻለሽ?»

እዚህ ላይ መናገር ይቻል ነበር። ከእኔና ከእሷ ሌላ ማንም አልነበረም።

«ቆየ እኮ» አልኳት። «እኔ የጻፍኩት የሰማሁትን ነው።»

 ሻዩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ጃንጥላዋን አንስታ ሄደች። ሻዩ ሳይነካ ቀረ፤ መድፋት አቅቶኝ ተረኛዬ እስኪመጣ እዚያው ተቀምጦ ነበር።

ሰኞ 24

የልጇ የክፍል ጠረጴዛ ላይ በምላጭ «የገዳይ ልጅ» ብለው ቀርጸዋል። ልጅቷ መምህሯን ሌላ ቦታ እንዲቀይራት አልጠየቀችም። ቀኑን ሙሉ ክንዷን ጽሑፉ ላይ አጋድማ ዋለች አሉ።

ርዕሰ መምህርቷ ጠሩኝ። «መፍትሔው አንቺ እጅ ነው። መዝገቡ ላይ የሰዓት ስህተት አለ ብለሽ አንድ ገጽ ጻፊ። ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ፤ ማንም አይሰቅልሽም።»

«እጽፋለሁ» አልኳቸው።

ረቡዕ 26

ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። ጻፍኩ። ስህተት ብዬ ብጽፍ የት ነበርሽ ይሉኛል። ከሥራ ያባርሩኛል። ሃያ አንድ ዓመት። እማዬስ? ቀደድኩ።

ለእማዬ ስል ነው።

ዓርብ 28

ዛሬ የሞተው ልጅ እናት መጣች።

እንዳየኋት አላወቅኋትም። ቀጭን ናት፣ ቀኝ እጇ ላይ የካውያ ጠባሳ አለ። መስኮቱን በቀስታ አንኳኩታ «የሰዓቱን መዝገብ የምትይዢው አንቺ ነሽ አሉኝ» አለች። አስገባኋት። የአዋላጇ ሻይ የቀዘቀዘበት ቦታ ላይ ተቀመጠች።

«ያን ዕለት ስልኩን ያነሳሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስትደውል ድምፅዋ እንዴት ነበር?»

ይህን ትጠይቀኛለች ብዬ አላሰብኩም።

«ማለቴ» አለች፣ «የተረጋጋች ነበረች? ግድ የሌላት ነበረች? አራት ዓመት ሙሉ በበጎ ነበር የማስባት። እጄን ይዛኝ ነበር፣ አልለቀቀችኝም። አሁን ወረቀቱን ሳይ ግራ ገባኝ።»

«የምትለምን ሰው ድምፅ ነበር» አልኩ። ይህ እውነት ነው። በሩን ስከፍት ስልኩ እየጮኸ ነበር፣ ሳነሳው «እባክሽ፣ እባክሽ፣ እባክሽ» ነበር የምትለው።

«ታዲያ ለምን ዘገየች?»

«አላውቅም» አልኳት።

አመሰገነችኝ። ሁለት ጊዜ አመሰገነችኝና ወጣች።

ሰኞ 1፣ አዲስ ወር

የአምቡላንሱ ሾፌር ጋሼ ዛሬ መኪናውን እያጠቡ ጠሩኝ። ከእኔ በፊት የነበሩ ሰው ናቸው፤ በዚህ ወር መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ።

«ያን ዕለት እዚሁ ቆሜ መኪና አጥብ ነበር» አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ስልኩ ሲጮህ እሰማለሁ። በሩ ተቆልፏል። መጣች ልትመጣ ነው እያልኩ ጎማ አጥብ ነበር። በሩን ሰብሬ መግባት እችል ነበር።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ምን አጠፉ?»

«እሱን ተይው። አንቺ ከተናገርሽ እኔም እናገራለሁ። አንቺ ካልተናገርሽ ግን አላሳጣሽም፤ እንደ ልጄ ነሽ።»

ባይሉት ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ 3

ሁለተኛው ስብሰባ። ሰው ሞልቷል፣ ግማሹ ለማዳመጥ አልመጣም። ገና ስትቆም ከኋላ ማፏጨት ጀመሩ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ፣ ከርዕሰ መምህርቷ አጠገብ።

«የደወልኩት እናትየዋ ከገባች በሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው» አለች። «ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።»

«ታዲያ መዝገቡ ዋሸ?» አለ አንዱ።

ተመለከተችኝ። ሰው ሁሉ ያየ መሰለኝ፣ ግን ማንም አላወቀም፤ ወደ ሕዝቡ የተመለከተች ነው የሚመስለው። ያን ያህል ጊዜ ዓይኗን እኔ ላይ አድርጋ አታውቅም። ርዕሰ መምህርቷ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። አልተነሳሁም። ጫማዬ ላይ ጭቃ ነበር፣ እሱን አየሁ።

«መዝገቡን የጻፈው ሰው ያውቃል» አለችና ተቀመጠች።

የሄድኩት በጓሮ በር ነው።

ዓርብ 5

ከውድድሩ ወጣች። ለምዝገባ ቢሮው የሰጠችው ደብዳቤ አንድ መስመር ነው አሉ። ወደ ሌላ ከተማ ዝውውርም ጠይቃለች።

ለራሷም ይሻላል። ልጅቷ ታርፋለች።

ይህን ጻፍኩ። ሳነበው የሌላ ሰው ይመስላል።

ቅዳሜ 6

ርዕሰ መምህርቷ ቤት፤ ዛሬ አምስት ሆነናል። ከውድድር የወጣ ሰው እስከ ማክሰኞ ማታ ሊተካ ይችላል።  ከዚያ እሳቸው «አንቺ ግቢ» አሉኝ። ዛሬ ከእኛ ጋር የመጣችው ፋርማሲስቷም «ድሮም መግባት የሚገባሽ አንቺ ነበርሽ» አለች።

ደስ አለኝ።

እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ጓደኛዬ በእኔ ምክንያት በወደቀች ማግሥት፣ ስሜ ወረቀት ላይ ታትሞ ታየኝና ደስ አለኝ። ደረቴ ሞቀ። መንገድ ላይ ምን ብዬ ንግግር እንደምጀምር እያሰብኩ ሄድኩ። ቤት ደርሼ ቁልፉን በሩ ውስጥ ሳስገባ ነው ምን እያሰብኩ እንደሆነ የገባኝ፤ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

እሑድ 7

እማዬ ተኝታለች። ዛሬ ሁሉንም።

እማዬ ያን ዕለት አልታመመችም። ለሰው ስለው፣ ለራሴ ስለው፣ እዚህ ደብተር ላይ ሳይቀር ስጽፈው አራት ዓመት ሆነ። ጤነኛ ነበረች። ገበያ ሄዳ ነበር።

ያን ዕለት የምዝገባ የመጨረሻ ቀን ነበር፤ ቢሮው እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ክፍት ነው ተብሏል። ተረኛዬ ደውሎ «ስለምዘገይ ጠብቂኝ» ብሎኝ እሺ ብዬዋለሁ። 12፡30 ሲሆን በሩን ቆለፍኩ። ለማንም አልነገርኩም። ደህናውን ቀሚሴን ከሥራ ልብሴ ሥር ለብሼ ነበር የመጣሁት፤ ጠዋት ከለበስኩት ጀምሮ አስቤበታለሁ ማለት ነው። ምክር ቤት መግባት እፈልግ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ፣ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ስለከተማው ሲወስኑ እዚያ መሆን እፈልግ ነበር። ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ የሚስቁብኝ ይመስለኛል።

ከቢሮው በር ፊት ለፊት ቆምኩ። ውስጥ አራት ወንዶች ሲጫወቱ ይታያሉ። አንዱ ቀና ብሎ አየኝና «ማንን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። «ማንንም» አልኩት። ከዚያ መንገዱን ተሻግሬ ከአንድ አጥር ሥር ቆምኩ። እገባለሁ አልገባም እያልኩ መብራቱ እስኪጠፋ ቆምኩ። ሌላ ምንም አላደረግሁም። ሕፃኑ በዚያን ሰዓት ነው የደከመው።

ስመለስ ስልኩ ይጮኻል። መኪናውን ላክሁ። ከዚያ መዝገቡን ከፍቼ በእጄ ላይ ያለውን ሰዓት ጻፍኩ። ሁለትን እንደወትሮው ጭራዋን አስረዘምኩ።

በሳምንቱ አዋላጇ መጥታ መስኮቱ ጋ ቆመች። መዝገቡ ተከፍቶ ነበር። ዓይኗ አረፈበት፣ አነበበችው። «እናትሽ እንዴት ናት?» አለችኝ። «ደህና ናት» አልኳት። ከዚያ ወዲህ በስልክ ስትደውል «አለሽ?» ብላ ነው የምትጀምረው። ከዚያ በፊት እንደዚያ አትልም ነበር።

ሰኞ 8

ምዝገባ ቢሮው ሄጄ ቅጹን ተቀበልኩ። ስሜን ሞላሁ። ሥራ የሚለው ጋ ስደርስ ብዕሩን አስቀመጥኩና ወጣሁ።

ላውንደሪው ሁለት መንገድ ማዶ ነው። የልጁ እናት አንሶላ እየተኮሰች ነበር። እንፋሎቱ ፊቷን ይሸፍነዋል። ቆሜ ነገርኳት፤ መቆለፌን፣ የት እንደሄድኩ፣ የጻፍኩትን። «አላውቅም» ያልኳትም ውሸት እንደነበር። ካውያውን አላቆመችም። አንሶላውን ጨርሳ አጠፈች፣ ሌላ ዘረጋች።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ እሷን ስጠላ ሰነበትኩ» አለች። «ምግብ አልበላ ብሎኝ። አሁን ደግሞ ከአንቺ ልጀምር? አቅም የለኝም።»

«ይቅርታ» ለማለት ሞከርኩ።

«እሷ ታውቃለች?»

«ታውቃለች። ድሮም ታውቅ ነበር።»

ያኔ ካውያውን ቁጭ አደረገችው። «በመንገድ ሳያት ተፍቻለሁ» አለች። «አላየችኝም ብዬ ነበር። አይታኛለች።»

ደንበኛ ገባ። ዞራ ልብሱን ተቀበለችው።

ማክሰኞ 9

ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ልጇ ናት። «እማ፣ መጥታለች» ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ማን እንደመጣ አልተናገረችም።

ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል። ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር። እኔም አጎንብሼ መጠቅለል ጀመርኩ። ሦስት ሳህን ያህል ጠቀለልን።

«ለልጁ እናት ነግሬያታለሁ» አልኳት። «ነገ ደግሞ ለጤና ቢሮ አመለክታለሁ። ጋሼም ይመሰክራሉ።»

«ደግ አደረግሽ።»

«አንቺ ለምን አልተናገርሽም? አንድ ቃል ብትይ ያልቅ ነበር።»

«አንቺ እንድትናገሪ ነበር የፈለግሁት።» ሳህኑን ካርቶኑ ውስጥ አስገባች። «መጀመሪያ አንድ ቀን ጠበቅኩሽ። ከዚያ እስከ ስብሰባው። እኔ ብናገር ሁለት ሴቶች እርስ በርስ ተጠላለፉ ብለው ይስቁ ነበር። ደግሞም አንቺ ነሽ ያመጣሽኝ። ያመጣኝን ሰው አሳልፌ ልስጥ?»

«አሁንም ጊዜ አለ። እስከ ማታ ድረስ ስምሽን መመለስ ይቻላል። አብሬሽ ልሂድ።»

«ልጄ እዚያ ትምህርት ቤት አትመለስም» አለች። «እሱ አልቋል።»

ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ያን ዕለት የት ነበርሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። አራት ዓመት ሙሉ አልጠየቀችኝም ነበር። የታመመ ሰው ጋ ሄጄ እንደሆነ፣ ወይ ወንድ እንደሆነ ገምታ ይሆናል። ነገርኳት። የምዝገባ ቢሮው በር ላይ፣ ቅጽ ልወስድ፣ ከዚያ ከአጥሩ ሥር።

ጋዜጣውን እጇ ላይ እንደያዘች ካርቶን ላይ ተቀመጠች። የሳቀች መሰለኝ፤ ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ብትነግሪኝ» አለች፣ «ብትነግሪኝ እኮ በማግሥቱም ቢሆን፣ በሚቀጥለውም ምርጫ ቢሆን፣ እጅሽን ይዤሽ አብሬሽ እገባ ነበር።»

ልነካት ስል እጇን አነሳች። ገፍታኝ አይደለም። ይበቃል እንደማለት ነው።

ስወጣ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። ቢሮው እስከ ሁለት ክፍት ነው። አልሄድኩም።

ረቡዕ 10

ለጤና ቢሮ በጽሑፍ ሰጠሁ። ፈረምኩ። ጋሼም ፈረሙ። ጸሐፊዋ ማህተም እያደረገች ቀና ብላ አየችኝና ዓይኗን መለሰች። የስልኩን ክፍል ቁልፍ ተቀበሉኝ።

ርዕሰ መምህርቷ ዘንድ ሄድኩ። ሲያዳምጡኝ ጠረጴዛውን አልመቱም። «ከአሁን በኋላ የማንን በር ሄጄ አንኳኳለሁ?» አሉ። ለእኔ አይደለም፣ ለራሳቸው ነው። ሻይ ሳያቀርቡ ሸኙኝ።

ለእማዬ ነገርኳት። በደህናው ጆሮዋ በኩል ተቀምጬ፣ ሁሉንም። «እኔን ነው ታማለች ያልሽው?» አለች። ከሁሉ እሱ ነው የከበዳት። ቀጥላም «ቀሚሱ የትኛው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰማያዊው አልኳት። «ያምርብሽ ነበር» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ማክሰኞ 16

ወረቀቶቹን ከምሶሶው የሚያነሳቸው የለም። የጤና ቢሮው መግለጫ አንዲት ትንሽ ወረቀት ናት፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከመስታወቱ ኋላ ለጥፈዋታል። ሦስት ጊዜ ሄጄ አየሁ። ቆሞ የሚያነብ አላየሁም። ምሶሶዎቹን በማንኪያ ፋቅኩ፤ አሥራ አንዱን። ዝናቡ አግዞኛል። ሁለቱ ግን ከፍ ያሉ ናቸው፣ አልደርስባቸውም።

ቅዳሜ 20

በጠዋቱ አውቶቡስ ሄዱ። አውቶቡስ ተራው ዳር ቆምኩ። ልጅቷ መስኮት በኩል ተቀምጣለች፤ አይታኝ መጋረጃውን ሳበች። እናቷ ከታች ሻንጣ ስታስጭን አገኘኋት። ተሳሳምን። ጉንጯ ቀዝቃዛ ነበር። «ቧንቧውን አትተዉት» አለችኝ። ስለ ሌላ አልተናገርንም።

እሑድ 21

የምርጫ ቀን።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ። ሰው ሰላም ይለኛል፣ አንዳንዱ አይለኝም። ከፊቴ አንዲት እማማ ነበሩ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፤ ሦስቱንም የልጅ ልጆቻቸውን አዋላጇ ናት የተቀበለችላቸው። ተራቸው ሲደርስ ወረቀቱን ተቀበሉና ዓይናቸው ላይ አስጠግተው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሴቷ የትኛዋ ናት?» ብለው አስመራጩን ጠየቁት።

«እዚህ ላይ ሴት የለችም እማማ።»

«አለች እንጂ። ያቺ አዋላጇ።»

«ወጥታለች።»

«ለምን?»

አስመራጩ በሰልፉ ርዝመት እየተጨነቀ ነው። «እኔ ምን አውቃለሁ እማማ፣ ይግቡና ይምረጡ።»

እማማ አልተንቀሳቀሱም። ወደ ኋላ ዞረው ሰልፈኛውን አዩ፣ የሚነግራቸው ሰው የሚፈልጉ መስለው። ሁሉም ስልኩን፣ ጣሪያውን፣ የፊተኛውን ሰው ጀርባ አየ።

«በእኔ ምክንያት ነው» አልኩ። ጮክ ብዬ። «የወጣችው በእኔ ምክንያት ነው። እሷ ምንም አላጠፋችም።»

አስመራጩ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«እህቴ» አለኝ፣ በትሕትና ነው ያለኝ፣ «እዚህ ቅስቀሳ ክልክል ነው።»

እማማ ምርኩዛቸውን አንስተው ገቡ። ወረቀቴን ሰጠኝ።